ከቆጣሪው የሚቀድም ድራመር

ሰኞ 4

ዛሬ ሁለተኛውን አልበም መቅረጽ ጀመርን። ይህን ደብተር ባለቤቴ ናት የገዛችልኝ። «የሚያስጨንቅህን ሁሉ እዚህ ላይ አራግፍና እኔን አሳርፈኝ» ብላ። የሚያስጨንቀኝ ነገር እንደሌለ ነግሬያታለሁ። ቢሆንም ደብተሩ ከሚባክን ልጻፍበት።

አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት የመኪና ወንበር አለብሳለሁ፤ ስፖንጅ፣ ቆዳ፣ ማስቲሽ፣ ረጅም መርፌ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «አምስተኛ ፎቅ» የሚባል የሮክ ባንድ ድራመር ነኝ። መጀመሪያ የምንለማመድበት ሕንፃ አራት ፎቅ ብቻ ነበረው፤ ጣሪያው ላይ ስለነበርን አምስተኛው እኛ ነን አልን። አራት ሰዎች ነን። ታናሽ ወንድሜ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፤ ግጥሙም ዜማውም የእሱ ነው። ሊድ ጊታር የሚጫወተው የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ መምህሩ እንለዋለን። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይወጣትም፤ ዝምተኛዋ ናት።

የመጀመሪያው አልበማችን «ሩጫ» በሚለው ዘፈን የተነሳ ያልገባበት ታክሲና ፀጉር ቤት አልነበረም። «ሩጫ» የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ፍጥነት ለየቅል ነው። ሰው የወደደውም ይህንኑ ነው። ያፈጠንኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ። ሆን ብዬ ነው ማለት ይቻላል።

ዘንድሮ አዲስ የድምፅ ባለሙያ ይዘናል። ነገር አጥባቂ ስለሆነች ገና በመጀመሪያው ሰዓት «ሚዛን» የሚል ስም አወጣሁላት። ጆሮ ማዳመጫ አጠለቀችልኝና ውስጡ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር ለቀቀችብኝ። ሜትሮኖም ነው፤ እኔ ቆጣሪው እለዋለሁ። «በዚህ ላይ ነው የምትመታው» አለችኝ። ምን ችግር አለው።

ረቡዕ 6

ቆጣሪው ይዘገያል። ነገርኳት።

«ቆጣሪ አይዘገይም» አለችኝ።

ሁሉም ማሽን ይበላሻል። ለማሽን ሰው እንዲህ ጥብቅና ሲቆም አይቼ አላውቅም።

ዓርብ 8

ቆጣሪው አይደለም። ጆሮ ማዳመጫው ነው።

ጆሮ ማዳመጫው ተቀየረ። ወንበሩ ነው ማለት ነው። የስቱዲዮው የድራም ወንበር ስፖንጁ አልቋል፤ ቂጥ ካልተመቸው እጅ ምን ያድርግ? ለክቼዋለሁ፤ አዲስ ልብስ እሠራለታለሁ።

እሑድ 10

ዛሬ እረፍት ስለሆነ በሰፊው ልጻፍ።

ባለቤቴ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው የምትሠራው፤ በድምፅ ማጉያ «የአራት ሰዓት ተሳፋሪዎች ወደ ስድስተኛው በር» የምትለው እሷ ናት። የእሷ አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው፤ ከደቂቃ ዝንፍ አይልም። ከምሳ በኋላ በወንዙ ዳር በእግር ወጣን። ወሬ ይዤ ስሄድ ስሄድ መልስ ጠፋ። ዞር ስል ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የወጣኸው?» አለችኝ።

«ካንቺ ጋር ነዋ!»

«እንግዲያው እኔ እዚህ ነኝ።»

ሳቅን። በኋላ ግን ምሳም ላይ እሷ ሳትቀመጥ ጨርሼ እንደነበር አነሳችብኝ። ምግቡ ጣፍጦኝ ነው።

ትናንት ወንድሜ አዲስ ዘፈን አሰማን። «ቆየኝ» ይላል፤ የአልበሙ ሰባተኛ ነው። ዝግ ያለ ነው፣ ከእስከ ዛሬው ሥራችን ሁሉ ዝግ ያለ። አንድ ሰው በጠባብ መንገድ ላይ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ «ቆየኝ፣ እግሬ ገና ትንሽ ነው» ይለዋል። የፍቅር ዘፈን ነው መቼም። ለሴት ከሆነ «ቆዪኝ» ማለት ነበረበት፤ ለዜማው እንዲመች ይሆናል። የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ብጠይቀው ጊታሩን መቃኘት ጀመረ። ዝምተኛዋ እኔን አየችኝ። መምህሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እንግዲህ ሁሉም የሚያውቋት ልጅ መሆን አለባት።

ማክሰኞ 12

ስቱዲዮው ድሮ ማተሚያ ቤት ነበር፤ መሬቱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ እስካሁን አለ። መታጠቢያው ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። እጄን ታጥቤ ስመለስ በበሩ ክፍተት ሰማሁ።

«ማን ይንገረው?» የሚለው የመምህሩ ድምፅ ነው።

«እኔ አልችልም። ወንድሜ ነው» አለ ወንድሜ።

ስገባ ሁሉም ገመድ ማጠቅለል ጀመሩ። ስለ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። የስቱዲዮው ጎረቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፅ በዛ ብሎ ሊከሰን ነው ይባላል። ወይም ስለ መምህሩ ጊታር ነው፤ መምህሩ ሰሞኑን ወደ ኋላ ይቀራል።

ግን እኮ «ማን ይንገረው» ያለው ራሱ መምህሩ ነው።

ሐሙስ 14

አንድ ዘፈን ሃያ ሰባት ጊዜ። ሚዛን ሃያ ሰባቱንም ጊዜ «አሪፍ ነው፣ አንዴ እንድገመው» አለች። እንዲህ ያለ ትሕትና ነው ሰው የሚገድል።

ቅዳሜ 16

ዝምተኛዋ ላይ ጮህኩባት። «ተከተይኝ እንጂ!» አልኳት በሁሉም ፊት። እሷ ቤዟን አስቀምጣ ውኃ ጠጣችና «እሺ» አለች። አሥር ዓመት አብረን ስንጫወት ጮኼባት አላውቅም። ነገ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

እሑድ 17

አልደወልኩም።

ሐሙስ 21

ዛሬ ቀረጻ አልነበረንም። የድራሙን ወንበር ልብስ ስለጨረስኩት ለማድረስ ሄድኩ። ጥቁር ቆዳ፣ በቀይ ክር የተጠለፈ፤ ሠርቼ ከማውቀው ሁሉ የሚያምር።

ኮሪደሩ ላይ እንደደረስኩ «ቆየኝ»ን ሰማሁ። ከድራም ጋር። ድራሙ አይቸኩል፣ አይጎተት፤ እያንዳንዷ ምት ቦታዋ ተይዞላት የመጣች እንግዳ ይመስል በዝግታ ገብታ ትቀመጣለች። በመጀመሪያ ማሽን መሰለኝ። ማሽን ግን እንዲህ አይተነፍስም።

በበሩ ትንሽ መስታወት አየሁ። ወንድሜ አለ። ሚዛን አለች። ድራሙ ላይ የተቀመጡት ሃምሳ አለቃው ናቸው። የሰልፍ ባንድ ጡረተኛ ናቸው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ ዱላ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰባ አምስት ሳይሞላቸው አይቀርም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚመቱት።

ሦስት ጊዜ ተጫወቱት። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ የወንበሩን ልብስ ብብቴ ስር አድርጌ ተመለስኩ።

አልተናደድኩም።

ዓርብ 22

አልተናደድኩም። ሥራ በዝቶብኛል።

ሰኞ 25

ለወንድሜ ደውዬ ሃያ አራት ወንበር ያለው አውቶቡስ ገብቶልኛል፣ ይህን ሳምንት አልመጣም አልኩት። አውቶቡሱ እውነት ነው። ባይገባም እንዲህ ነበር የምለው።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለኝ።

«በጣም!» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። «ሰላም ዋል» ሊለኝ ነበር፤ «ሰላም» ላይ ነው የዘጋሁበት።

ባለቤቴ በማጉያው ድምፅ «ቅሬታ ያለባቸው ተሳፋሪ ወደ ማዕድ ቤት እንዲመጡ» አለችኝ። ነገርኳት። «እሳቸው ሲመቱት እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ያምራል» አልኩ። ይህን ቃል ማውጣት ከሃያ አራት ወንበር በላይ አደከመኝ።

ረቡዕ 27

ዝምተኛዋ ወርክሾፕ መጣች። መኪና የላትም። የፋርማሲያቸውን ወንበር በትከሻዋ ተሸክማ ነው የመጣችው። ከጎኑ ትንሽ ተቀዷል፤ በምላጭ የተቀደደ ነው። እኔ እንደሆንኩ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ የተበላና የተቀደደ መለየት አያቅተኝም።

ሻይ አዘዝኩላት። መጀመሪያ ለዚያች ቅዳሜ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ከአሥር ቃል በላይ ተናገረች፤ ሳልረሳው ልጻፈው።

«ሃምሳ አለቃውን የጠራቸው ወንድምህ ነው» አለችኝ። «አንተን ለመተካት አይደለም፤ ምን ብለን እንደምንነግርህ ሊጠይቃቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ድራም አይተው እጃቸውን አይሰበስቡም። ተቀመጡ፣ መቱ፣ ሚዛን ቀረጸች፤ አለቀ።»

«ምንድነው ልትነግሩኝ የፈለጋችሁት?»

«ስትፈራ ትፈጥናለህ። የመጀመሪያው አልበም ጊዜ ሁላችንም ፈርተን ስለነበር አብረንህ ሮጥን። አሁን ያንተ ፍርሃት ብቻ ቀረ።»

«ምን ያስፈራኛል?»

«እሱን እኔ እንዴት ልወቀው?» ሻይዋን አማሰለች። «ደግሞ ያ ዘፈን ስለ ማን እንደሆነ እስካሁን አልገባህም?»

«ስለ ማን ነው?»

ሻይዋን ጠጣች። የቀን ድርሻዋ አልቆ ነበር።

ወንበሩን ሰፋሁላት። የድራሙን ወንበር ልብስም አብሬ ላክሁ።

ዓርብ 29

ሃምሳ አለቃው ቤት ሄድኩ። ከልብስ ስፌት ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ናት ያለቻቸው፤ አልጋ፣ ራዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የድሮ የሰልፍ ከበሮ። በሩን ሳንኳኳ ቀና ሳይሉ «ግባ» አሉ። «እንደምትመጣ አውቄያለሁ። ግን ነገ ነበር የጠበቅኩህ። አሁንም ትቀድማለህ።»

«አለቃ፣ እንዲያስተምሩኝ ነው የመጣሁት።»

«ዱላ ይዘሃል?»

«አዎ፣ ሁለት ጥንድ።»

«አስቀምጠው። ገበያ ልሄድ ነው፤ ዘንቢሌን ያዝልኝ።»

የቀኝ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ስድስት መቶ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ባለፍኳቸው ቁጥር ቆም ይላሉ፤ እኔ ተመልሼ አጠገባቸው ካልቆምኩ አይንቀሳቀሱም። ሽንኩርት ሻጯ ጋ ስንደርስ ላብ አጥምቆኛል። እሳቸው ፊታቸው ደረቅ ነው።

«ጉልበቴን ስማው» አሉኝ። «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ ቆጣሪህ እሱ ነው።»

እሑድ 1፣ አዲስ ወር

ዛሬም ገበያ። ድንች ብቻ ገዛን። ዱላ አልነካሁም።

ሐሙስ 5

ባንዱ ያለ እኔ ጊታሮቹን እየቀረጸ ነው። በቀን አንዴ ወንድሜ «እንዴት ነህ ጋሼ» ብሎ ይልካል። እኔም «እየሄድኩ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። እውነቴን ነው።

ዛሬ ከአለቃ ጋር ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባታችን ከሞተ በኋላ ወንድሜን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እሱ ሰባት፣ እኔ አሥራ ሰባት። ካደረስኩት በኋላ ጋራዥ ሥራ ስለምገባ እንዳይረፍድብኝ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን ዞር ስል ልጁ የለም። ተመልሼ ሳገኘው የአንድ እግሩ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሩ ቆሟል። አልቅሶ ጨርሷል። ሲጠራኝ አልሰማሁትም ነበር። መንገዷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም።

ይህ አሁን ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ሐሙስ 12

ተመለስኩ! መምህሩ ያለ ምክንያት አቅፎኝ መነጽሩ መሃላችን ሲሰበር እኔ ላይ አሳበበ።

የድራሙ ወንበር አዲሱን ልብስ ለብሷል። ተቀመጥኩ። ቆጣሪው ተጀመረ። የአለቃን ጉልበት እያሰብኩ መታሁ፤ ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲነሱ ተነሳሁ። ከዚያ ቆጣሪውን መስማት ትቼ የዝምተኛዋን ቤዝ መስማት ጀመርኩ። አሥር ዓመት ሙሉ አጠገቤ ይህን የመሰለ ነገር ስትጫወት ኖራለች ለካ! ሰውዬ፣ የት ነበርክ?

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሚዛን «አሪፍ ነው» አለች። አንዴ እንድገመው ሳትል።

«ቆጣሪውን አስተካክላችሁታል» አልኳት።

«አዎ፣ አዎ» አለች፤ ሳቋ ግን ጆሮ ማዳመጫዬ እስኪንጫጫ ድረስ ነበር።

ማክሰኞ 17

ከዘጠኙ ስምንቱን ዘፈን ጨረስን። የቀረው «ቆየኝ» ነው።

አንዴ ሞከርኩት። እጄ ደህና ነበር፤ ፍጥነቱም ልክ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ጫማዬ ጭቃ ነክሶት» የሚል መጣ። እጄ ቆመ። መስታወቱን አንኳኩቼ እረፍት ጠየቅኩ።

ወንድሜ ኮሪደር ላይ መጣ። ግድግዳው ላይ ተደግፈን ቆምን።

«ለአለቃ ስጠው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ቦታው ያንተ ነው።»

«ቦታው የኔ ነው። ይህን ዘፈን ግን እሳቸው ይምቱት።»

«ትችለዋለህ እኮ! አሁን ሰማሁህ።»

«እችለዋለሁ። ግን እየመታሁ መስማት አልችልም። ልሰማው ነው የምፈልገው።»

ወንድሜ ጫማውን አየ። እኔም ጫማውን አየሁ። ሁለቱም እግሩ ላይ ነበሩ።

«ስለ ምን እንደሆነ ዝምተኛዋ ነገረችህ?» አለኝ።

«እሷ መቼ ትናገራለች?»

ከዚህ በኋላ ስላወራነው አልጽፍም። ዓይኔ ውስጥ የማስቲሽ ሽታ ገብቶ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ማስቲሽ የለም፤ ከልብሴ ይሆናል።

ሐሙስ 3፣ የአልበሙ ወር

አልበማችን ወጣ! ስሙ «ዘጠኝ እርምጃ» ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስልክ ላይ ተተክዬ የሰው አስተያየት ሳነብ ዋልኩ። «ምን ነካቸው? አርጅተዋል።» «ለእንቅልፍ ጥሩ ነው።» «የሩጫ ዘመን ይሻለን ነበር።» አንዱ «ድራመሩ ታሞ ነው?» ብሎ ጠይቋል። ሌላው ደግሞ «እግዚአብሔር ይማረው» ብሎ መልሶለታል።

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን ሰማነው። እሷ ልብስ እያጠፈች፣ እኔ እያቀበልኳት። ሲያልቅ «አሁን ከኔ ጋር እየሄድክ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ 8

ጋዜጣው ላይ ግማሽ ገጽ ወጣልን፤ «አድገዋል» ይላል። መምህሩ ለተማሪዎቹ አንብቦላቸዋል። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ፈተና ላይ ይመጣል?» አለችው አሉ።

የጠዋቱ ታክሲ ውስጥ አሁንም «ሩጫ» ነበር የተከፈተው። ሾፌሩን አዲሱን ሰምተኸዋል ወይ አልኩት። «እሱን ቤት ነው የምሰማው» አለኝ። «መኪና ላይ ስከፍተው ሰው መውረጃውን ይረሳል።»

ቀኑን ሙሉ ይህችን እያላመጥኩ ዋልኩ።

ዓርብ 11

ሬዲዮ ጣቢያ ቀረብን፣ በቀጥታ ስርጭት። አዘጋጁ አልበሙን ከልቡ ሰምቶታል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና «‹ቆየኝ› ላይ ያለው የድራም አመታት በዚህ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ የላቀ ነው። እንዲህ ያለ እርጋታ እንዴት መጣ?» አለኝ።

ሲዲው ላይ የአለቃ ስም በትንሹ ተጽፏል፤ ሰውዬው አላነበበውም። ለአራት ሰከንድ ያህል የአገር ምርጥ ድራመር ነበርኩ፤ አልዋሽም፣ ይሞቃል።

«እሱን የመቱት መምህሬ ናቸው» አልኩ። «ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። እርጋታው የእሳቸው ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ከመስታወቱ ማዶ ሻይ እጠጣ ነበር።»

ወንድሜ ማይክሮፎኑን ሳበና «ዋሽቷል። ሻዩ እንደተቀዳ ቀዝቅዞ ነው የተደፋው» አለ። ጥርስ የከደነ ሰው አልነበረም። ዝምተኛዋ እንኳ በአገር አቀፍ ሬዲዮ «እውነት ነው» አለች። ሁለት ቃል።

ቤት ሳልደርስ አለቃ ደወሉ። «ምን አድርጌህ ነው? ከልብስ ሰፊው ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ በሬ ላይ ተሰልፎ እጅህን አሳየን ይለኛል!» ቁጣቸው ግን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር። ለኮንሰርቱ መጥተው ዘፈናቸውን እንዲመቱ ጠየቅኳቸው። ምን ልልበስ አሉኝ።

እሑድ 20

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአልበማችን ኮንሰርት ነበር፣ በአሮጌው ሲኒማ አዳራሽ። ከግማሽ በላይ ይሞላል ብለን አላሰብንም ነበር፤ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በ«ሩጫ» ጀመርን። እንደ ድሮው ለቀቅኩት፤ ሁላችንም አብረን ሮጥን፣ ሰዉም አብሮን ሮጠ። ደስ ሲል!

ሰባተኛው ሲደርስ ወንድሜ አለቃን ጠራቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው፣ በራሳቸው ፍጥነት ከመጋረጃው ጀርባ እስከ ድራሙ ድረስ መጡ። አዳራሹ እስኪቀመጡ ድረስ አጨበጨበ፤ ረጅም ጭብጨባ ነው የወጣው። እኔ በጎን ደረጃ ወርጄ ሰዉ መሃል ገባሁና ባለቤቴ አጠገብ ቆምኩ።

አሁን የምጽፈው ነገር ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እነዚህን ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ ከኋላ ነው የማውቃቸው። የወንድሜን ማጅራት፣ የመምህሩን ሸሚዝ፣ የዝምተኛዋን የፀጉር መያዣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሲጫወቱ ፊታቸውን አይቼ አላውቅም ነበር። መምህሩ ለካ ጊታሩን ሲመታ ከንፈሩ እንደ ሕፃን ይንቀሳቀሳል። ዝምተኛዋ፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ከመጀመሪያዋ ምት እስከ መጨረሻዋ ድረስ ፈገግ እንዳለች ነው። ወንድሜ ደግሞ ሲዘፍን አባታችንን ይመስላል። ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከሰዉ መሃል እኔን ፈልጎ አገኘኝ። አየኝና ሳቅ አመለጠው፤ ግጥሙም ጠፋው። ባለቤቴ እጄን ጨበጠችኝ። አለቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ያቺኑ ምት እየደጋገሙ ጠበቁት። አዳራሹም ጠበቀው። ስንኙን ሲያገኘው የቀረውን የዘፈነው ሰዉ ነው።

«ለካ ጥሩ ባንድ ናቸው» አልኳት ባለቤቴን፤ «ነን» ሳይሆን «ናቸው» ማለቴን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ዘፈኑ አለቀና ወደ መድረኩ ደረጃ ሄድኩ። አለቃ ግን ከወንበሩ ሊነሱ አልፈለጉም። ቆዳውን መታ መታ አደረጉ፣ ዱላቸውን አነሱና ለወንድሜ «ቀጥሎ ምን አለ?» አሉት። ወንድሜ እኔን አየኝ። ሰውዬውን ተነሱ ብሎ ማን ይደፍራል? በእጄ ቀጥሉ አልኩት።

ተመልሼ ባለቤቴ አጠገብ ቆምኩ። ሁለት ዘፈን ሙሉ መቱ። እኔም አልቸኮልኩም።